ጎራ የቀየረ መኮንን፦ ሠራዊቱ ውስጥ ይቆይ ወይስ በጡረታ ይሰናበት?

ቡራዩ ላይ ጎረቤታችን የነበሩ ሻለቃ በጦርነቱ መጨረሻ ከደርግ ወደ ኢሕአዴግ የገቡ ሰው ናቸው። ኋላ መጋዘን ጠባቂ ሆኑ። ጫማቸው ግን ሁሌም በቀለም ያብለጨልጭ ነበር። ይህን ጥያቄ ሳነሳ እሳቸው ትዝ ይሉኛል።

ወጪ፦ ከቆየ ደመወዝ፣ ከተሰናበተ ጡረታ። በሁለቱም መንገድ ወጪ አለ።

ስጋት፦ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ከቆየ «አንዴ የከዳ ይደግማል» የሚል ጥርጣሬ ይከተለዋል። ትናንት የተዋጉትም በማዕረግ ሲበልጣቸው ያኮርፋሉ። ከተሰናበተ ደግሞ እውቀቱ አብሮት ይሄዳል። በ1983 የደርግ ጦር ተበተነ። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የቀድሞ አብራሪዎችና መኮንኖች ተፈልገው ተጠሩ።

ክብር፦ ሁለቱም መንገድ ክብር ሊኖረው ይችላል። ባዶ እጁን መሸኘት ግን ምርጫ አይደለም፤ በደል ነው።

ለማን ይሻላል፦ አብራሪ ወይም መድፈኛ ከሆነ፣ ድንበሩም ካልተረጋጋ፣ ይቆይ። ከአዛዥነት ይልቅ ሆለታን በመሰለ ማሠልጠኛ በአስተማሪነት ቢጀምር ጥርጣሬው ቀስ በቀስ ይረግባል። ዕድሜው ከገፋ ወይም በሁለቱም ወገን ቂም ካለበት ይሰናበት። ማዕረጉ ሳይገፈፍ፣ ጡረታውም ሳይዘገይ።