ፌኖባርቢታል፦ ርካሹ የሚጥል በሽታ መድኃኒት እኛ ቤት እንዴት ሆነ

ታናሽ እህቴ ፌኖባርቢታል መውሰድ ከጀመረች ዓመታት ተቆጠሩ። መድኃኒቱን የማመጣላት እኔ ስለሆንኩ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ይሠራል። በፊት በየወሩ ይጥላት ነበር፤ ምላሷን ትነክሳለች፣ ልብሷ ይረጥባል፣ ስትነቃም ራሷን እያመማት ቀኑን ሙሉ ትተኛለች። ዘመድ ክብሪት ጭሮ ሊያሸታት ይሯሯጣል፣ ምንም የማይጠቅም ነገር። አሁን ዓመት አልፎም ሳይጥላት ይከርማል። እ.ኤ.አ. በ1912 ለዚህ በሽታ መዋል የጀመረ አሮጌ መድኃኒት ነው፤ ዋጋው ከሌሎቹ በጣም ይቀንሳል፣ በቀን አንዴ ማታ ስለሚዋጥም አይረሳም።

ክፉ ጎኑ እንቅልፉ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ጠዋት ቀስቅሰናትም ዓይኗ አይገለጥም፣ የቡና ሲኒ ከእጇ ያመልጣል። እየቆየ ቀለላት። ልጆች ላይ ግን አንዳንዴ ተቃራኒው ነው፣ ይቅበጠበጣሉ፣ ይነጫነጫሉ። ይሄን ካያችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። መጠጥ ደግሞ ከሱ ጋር በፍጹም አይሆንም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ማቋረጥ ነው። አንድ መድኃኒት ቤት «አልቋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሞክሩ» ብለው ሲመልሱኝ እንደ ቀላል ነገር ነበር የተናገሩት። ይሄ እኮ የራስ ምታት ኪኒን አይደለም! ባንድ ጊዜ ከተቋረጠ በሽታው በርትቶ ይመጣል፣ አንዱ ሳይለቅ ሌላው እየተከተለ፣ ይሄ ደግሞ ሰው ይገድላል። መጣል ከጀመረው ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው። ስለዚህ እኔ የኪኒኑ ፖስታ ሳይሳሳ ፍለጋ እወጣለሁ። ጸበል ሲሄዱ መድኃኒቱን ጥለው የሚሄዱም ብዙ ናቸው። እባካችሁ ጸበሉንም ተጠመቁ፣ ኪኒኑንም ዋጡ።

ሴቶች ይቺን አንብቡ። ፌኖባርቢታል የወሊድ መከላከያ ኪኒንንና ክንድ ላይ የሚቀበረውን ያደክማል፤ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕና የሦስት ወሩ መርፌ ግን አይነኩም። ይሄን ጠይቀን ነው ያወቅነው እንጂ ማንም ቀድሞ አልነገረንም፣ በጣም ያናድዳል። ቫልፕሮት ወደሚባለው ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት እንቀይር ብለንም ነበር። ጎበዝ መድኃኒት ነው፣ ግን እናቶቻቸው በእርግዝና ከወሰዱት ሕፃናት ከ10 አንዱ ገደማ የአካል ጉድለት ይዞ ይወለዳል፣ ከ10 ከ3 እስከ 4 የሚሆኑት ደግሞ በአእምሮ እድገት ይጎዳሉ። ስለዚህ ተውነው። ፌኖባርቢታልም ቢሆን ለፅንስ ንጹሕ አይደለም። ላሞትሪጅንና ሌቬቲራሴታም የሚባሉት የዚሁ በሽታ መድኃኒቶች ይሻላሉ፣ ዋጋቸው ግን ኪስ ይጎዳል። ያረገዘች ብትኖር ደንግጣ በራሷ እንዳታቆም፣ ሐኪሟ ጋ ትሂድ።

እህቴ ልታገባ ስለሆነ ስለ ሌቬቲራሴታም ከሐኪሟ ጋር መነጋገር ጀምረናል፣ ለፅንስ የሚያስፈልገው ቫይታሚን ፎሊክ አሲድም ከወዲሁ አዞላታል። ቅያሪው ራሱ ጊዜ ይወስዳል፤ አዲሱ እየተጨመረ ፌኖባርቢታሉ ቀስ እያለ ነው የሚቀነሰው።