የቪትዜ ሮዝ ኩላንት ከ14 ወርና ከ19 ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ

መኪናዬ የ2007 ስሪት ቶዮታ ቪትዝ ናት፤ 1.3 ሊትር ሞተር፣ አውቶማቲክ ማርሽ። ኑሮዋ በአብዛኛው ከጀሞ መገናኛ ባለው መጨናነቅ ውስጥ ነው። በወር አንድ ጊዜ አዳማ ትወርዳለች፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ እናቴን ለመጠየቅ አባይን ተሻግራ ደብረ ማርቆስ ትደርሳለች። ዛሬ የምጽፈው የቧንቧ ውሃ ትቼ የቶዮታ ሱፐር ሎንግ ላይፍ የሚባለውን ሮዝ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከሞላሁላት በኋላ ስላየሁት ነው። አብረውት የገዛኋቸው ሦስት ነገሮችም አሉ፦ የራዲያተር ክዳን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ የፈሳሹን መንገድ ዘግቶ የሚይዘው ቴርሞስታትና ከመሪው ሥር ካለው ሶኬት ተሰክቶ የሞተሩን ሙቀት በብሉቱዝ ወደ ስልክ የሚልክ አንባቢ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ኩላንቱ ነው። እኔ ግን ከአራቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ክዳኑን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች እደርስበታለሁ።

ነገሩ የጀመረው አባይ በረሃ ውስጥ ነው። ከድልድዩ ወደ ደጀን የሚያወጣውን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሸለቆው ሥር እስከ አናቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ከአንድ ተሳቢ ኋላ ተጣብቄ በዝግታ ስወጣ መጀመሪያ የሸተተኝ የተቀቀለ ጎማ የመሰለ ሽታ ነበር። ቪትዝ የሙቀት መርፌ የላትም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የምትበራ ሰማያዊ መብራትና ነገር ካበቃ በኋላ የምትበራ ቀይ መብራት ብቻ አሏት፤ በሁለቱ መካከል የሚሆነው ሁሉ ለሹፌሩ ጨለማ ነው። ቀይዋ ስትበራ ዳር ያዝሁ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣ ነበር። ከየት እንደመጣ ያላየሁት አንድ ልጅ በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ይዞ ደረሰልኝና "ጋሼ፣ ላፍስበት?" አለኝ። እንኳንም እሺ አላልሁት። የጋለ የአሉሚኒየም ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ መሰንጠቅን መጥራት ነው፤ የፈላ ራዲያተር ክዳን መክፈት ደግሞ ፊትን ያቃጥላል። ውሃውን ገዝቼ ራሴ ጠጣሁት፤ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅሁ።

አዲስ አበባ ስመለስ የሄድሁት የአባቴን መኪና ሳይቀር ይሠሩ ወደነበሩ አንድ አሮጌ መካኒክ ነው። የራዲያተሩን የታችኛውን ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ሲያላቅቁት የወረደው ውሃ የጠላ አተላ ይመስል ነበር። ዝም ብለው አዩኝ። ቀጥለው የቴርሞስታቱን ቤት ፈቱ፤ ውስጡ ባዶ ነው።

"ልጄ፣ ይህን ማን አወጣው?"

"ከእርስዎ በፊት ያየልኝ መካኒክ ነው ጋሼ። ለአገራችን አየር አያስፈልግም ብሎኝ ነበር።"

"የአገራችን አየር!" አሉና ወደ ክዳኑ ዞሩ። ክዳኑን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት፤ ምንጩ ላልቷል። ላስቲኩ እንደ ደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ጠጥሮ፣ የራዲያተሩ አፍ ቅርጽ ጎድጉዶ ታትሞበታል። መልሰው ሰጡኝና "ገደል አፋፍ ያደረሰህ ይህ ነው" አሉ።

ያን ቀን ማጋነን መስሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ሳሰላው ግን ትክክል ናቸው። ደጋ ላይ ሽምብራ ቶሎ እንደማይበስል እናቶቻችን ሁሉ ያውቃሉ። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የእኔ ቪትዝ የራዲያተር ፋን የሚነሳው ደግሞ፣ አሁን በስልኬ እንደማየው፣ 95 ወይም 96 ዲግሪ ላይ ነው። እንግዲህ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ማቀዝቀዣው ሥራ ሳይጀምር ውሃው ይፈላል ማለት ነው! ደህና ክዳን ግን፣ ላዩ ላይ 1.1 የሚል የታተመበት፣ በውስጥ ያለውን ግፊት ከውጭው አየር በላይ በ1.1 ባር (ባሕር ወለል ላይ ያለውን የአየር ግፊት ያህል) ከፍ አድርጎ ይይዛል። ያን ጊዜ ባዶ ውሃ እንኳን አዲስ አበባ ላይ እስከ 118 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ጅቡቲ ወደብ ላይ የላላ ክዳን ይዞ የሚነዳ ሰው እኛ የሌለን የስምንት ዲግሪ መተንፈሻ አለው። ለዚህ ነው ከኩላንቱ በፊት ክዳኑን የማስቀድመው። ዋጋውም ከአራቱ ዕቃዎች ሁሉ ትንሹ ነበር።

ቴርሞስታቱ ላይ 82 የሚል ቁጥር አለ፤ መከፈት የሚጀምርበት ሙቀት ነው። እርሱ በሌለበት ዘመን መኪናዬ አዳማ መንገድ ላይ ምን ያህል ትቀዘቅዝ እንደነበር አላውቅም ነበር፤ አንባቢውን ከቴርሞስታቱ በፊት በመግዛቴ ግን ለአንድ ሳምንት ለማየት ቻልሁ። በፈጣኑ መንገድ ላይ 66 ዲግሪ! ሞተሩ ሁልጊዜ ገና እንደተነሳ እያሰበ ነዳጅ ያበዛ ነበር። ከተተካ በኋላ ያው መንገድ ላይ ከ84 እስከ 88 ትሄዳለች፤ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር የነበረው ፍጆታዬም ወደ 13 ተኩል ተሻሽሏል። ዳገት ላይ የፈላችው መኪና ሜዳ ላይ ብርድ ይመታት ነበር ብዬ ስናገር የማያምነኝ ብዙ ነው።

ኩላንቱን መግዛት የራሱ ታሪክ አለው። መጀመሪያ ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ የገዛሁት ጋሎን ቀለሙ ሮዝ ነው፤ ጽሑፉም ደህና ይመስላል። ጥርጣሬ ገባኝና በትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቀንሼ "መርዝ ነው፣ እንዳይነካ" ብዬ ጽፌበት ፍሪዘር ውስጥ አሳደርሁት። ባለቤቴ ከበግ ሥጋው አጠገብ ስታየው ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም። ጠዋት ጠርሙሱ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ እውነተኛ ኩላንት የሚረጋው ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የቤት ፍሪዘር ደግሞ 18 ቢሆን ነው። የገዛሁት በአብዛኛው ቀለም የገባበት ውሃ ነበር። ሁለተኛውን ከሌላ ቦታ፣ በዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ ገዛሁት፤ አድሮም እንደ ፈሳሽ ዘይት ይንቀሳቀስ ነበር። ፈተናው የላቦራቶሪ ያህል አይደለም፤ ውስጡ ያለው የዝገት መከላከያ ምን ያህል እንደሆነ አይነግርም። ባለቀለም ውሃን ግን ያጋልጣል። ሚኒያፖሊስ የሚኖረው ወንድሜ ይህን ስነግረው ሳቀ፤ እርሱ ዘንድ ውጭ የቆመ መኪና ሁሉ በየክረምቱ ይህን ፈተና ይወስዳል።

ያልተበረዘ ወፍራም ኩላንት የሚሸጡም አሉ። እርሱን እንዳለ መሙላት የተሻለ የሚመስለው ሰው አጋጥሞኛል፤ ስህተት ነው። ሙቀት በመሸከም ከተለመዱት ፈሳሾች ውሃን የሚስተካከል የለም፤ በኩላንቱ ውስጥ ያለው ግላይኮል የተባለ ኬሚካል በበዛ ቁጥር የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። የኩላንት ጥቅሙ የመፍያውን ነጥብ ጥቂት ዲግሪ ማሳደጉና፣ ከሁሉ በላይ፣ ብረቱን ከዝገትና ከጨው ግግር መጠበቁ ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥም እንደሚጋገር አስቡት።

የማጠቡ ሥራ ግማሽ ቀን ፈጀ። ጋሼ ሦስት ጊዜ በውሃ አጠቡ፤ አራተኛውን ለባትሪ በሚሸጠው የተጣራ ውሃ (አሲድ ባለበት አይደለም) አለቀለቁት። ከዚያ መኪናዋን አፍንጫዋን ሽቅብ አድርገው አቁመው፣ የካቢኑን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ከፍተው፣ ክዳኑን ሳይገጥሙ ሞተሩን አስነሱ። የላይኛውን ማኒኮቶ በእጃቸው ጨመቅ ለቀቅ ሲያደርጉት አየሩ በራዲያተሩ አፍ እየተንቦጨቦጨ ወጣ። ይህን ደረጃ የሚዘል ጋራዥ ብዙ ነው፤ ውስጥ የቀረ አየር ደግሞ ከጎደለ ውሃ አይሻልም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ምንም የሚጻፍ ነገር አልነበራቸውም። በሁለተኛው ሳምንት ትርፍ ፈሳሽ የምትይዘው ፕላስቲክ ላይ አንድ ጣት ያህል ጎደለ፤ የቀረው አየር ነው፤ ሞላሁት፣ አበቃ። አዲሱ ክዳን መሥራቱን የነገረችኝ ይህችው ፕላስቲክ ናት፦ ሞተሩ ሲሞቅ ፈሳሹ ከፍ ይላል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይሳባል። በአሮጌው ክዳን ዘመን ቁመቷ ለወራት አይነቃነቅም ነበር፤ እኔም እንደ ጤንነት ቆጥሬው ነበር።

በዘጠነኛው ወር ጠዋት ዘይት ልለካ ኮፈኑን ስከፍት ከውሃ ፓምፑ ሥር ሮዝ ዱቄት የመሰለ ነገር ደርቆ አየሁ። በጣቴ ስነካው እንደ ጨው ተፈረፈረ። የፓምፑ ማኅተም ማለቅ ጀምሮ ነበር፤ ፓምፖች ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ይህንኑ ቀድማ ለመናገር የተሠራች ናት። በቧንቧ ውሃ ቢሆን ጠብታው በሞተሩ ሙቀት ተንኖ ምልክት ሳይተው ይቀር ነበር፤ እኔም ዜናውን የምሰማው ዳገት ላይ ነበር። ፓምፑ ከሚያዞረው ቺንጊያ (ቀበቶ) ጋር በአንድ ቀን ተቀየረ። ኩላንቱ በዚህ አጋጣሚ ብቻ ዋጋውን መልሶልኛል እላለሁ።

ቅሬታም አለኝ። አምራቹ መጀመሪያ ፋብሪካ የሞላውን በ160,000 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በኋላ በየ80,000 መቀየር ነው የሚለው። ይህ ግን ንጹሕ ሆኖ ለኖረ ሞተር ነው፤ በሞተሩ አካል (ብሎኩ) ውስጥ አሮጌ ውሃና ዝገት ለቀረበት እንደ እኔው ላለ መኪና በግማሹ ልቀይረው አስቤያለሁ። ሁለተኛ፣ ከራሴ በቀር የሚጠነቀቅለት የለም። አንድ ቀን ላቫጆ ውስጥ መኪናዋን ያጠበው ልጅ በቅንነት ፕላስቲኳን በቧንቧ ውሃ ሞልቶ ጠበቀኝ፤ "ጎድሎብህ ነበር ጋሼ" አለኝ። በሲሪንጅ እየሳብሁ አወጣሁት። እዚያው ላቫጆ የራዲያተሩን ክንፎች በከፍተኛ ግፊት ሲመቱት አስቁሜያለሁ፤ እንደ ወረቀት የሳሱ ናቸው፣ ይተኛሉ፣ ነፋስም አያሳልፉም። በደከመ ውሃ ከኋላ ወደ ፊት መታጠብ ነው ያለባቸው። ሦስተኛው የሚያሳስበኝ ነው፦ አሮጌው ኩላንት ሲወጣ የት ይጣላል? ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ ውሻና ድመት ይልሱታል፤ ጥቂቱም ይገድላል። የጋራዡ ሠራተኛ ወደ ቱቦ ሊደፋው ሲል ተቀብዬው በታሸገ ጋሎን ቤት አስቀምጫለሁ፤ የሚረከበኝ እስካሁን አላገኘሁም።

አንባቢው ርካሽ ነው፤ ርካሽነቱም ያስታውቃል። ከጃፓን አገር ውስጥ ገበያ የመጡ አንዳንድ መኪኖችን አያነብም፤ ሳትገዙ በራሳችሁ መኪና ሞክሩት። ለአምስት ቀን ተሰክቶ ሲቆም ባትሪዬን ጨርሶብኛል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ ፈሳሹ ሁሉ ከፈሰሰ የሙቀት መለኪያው አየር ላይ ስለሚቀር ስልካችሁ ደህና ቁጥር እያሳየ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል። ቁጥሩ በድንገት ሲወርድ ካያችሁ አትደሰቱ፣ ቁሙ። ያም ሆኖ መርፌ ለሌላት መኪና ዓይን ሰጥቷታል፤ መገናኛ አካባቢ በቆምሁ ቁጥር 95 ሲደርስ ፋኑ ሲነሳ፣ 90 ሲሆን ሲጠፋ እሰማለሁ።

አንዳንድ ወዳጆቼ ለአሮጌ መኪና ይህን ያህል ምን አደከመህ ይሉኛል። መንግሥት በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ያልሆነ መኪና እንዳይገባ ስላገደ፣ በእጄ ያለችውን ማኖር ግድ ሆኖብኛል። የሥራ ባልደረባዬ የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዛ "እኔ እንግዲህ ከኩላንት ነፃ ወጣሁ" ብሎ ነበር፤ የፊት ክዳኑን ስንከፍተው ለባትሪው የሚዞር ኩላንት አገኘንበት።

ባለፈው ወር ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። ያው ዳገት፣ ያው ቀርፋፋ ተሳቢ ከፊት። ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አቁሜ ስመለከት 92፣ 95፣ 98 አለ። አየር ማቀዝቀዣውን አጠፋሁ። ከፍተኛው 101 ነበር፤ ተሳቢው ዳር ሲይዝልኝ ወደ 93 ወረደ። ከዓመት በፊት እኔ በቆምሁበት መታጠፊያ አንድ ኮሮላ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል፤ ሰውየው ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ራዲያተሩ ክዳን እጁን ሲልክ ደረስሁና "ተወው ወንድሜ፣ ይቆይ!" ብዬ ጮህሁ። አብረን ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ሲቀዘቅዝ ክዳኑን አይተነው የላስቲኩ ግማሽ የለም።

አሁን የቀረኝ የላይኛው ማኒኮቶ ነው። ስጨምቀው ጫፉ ላይ፣ ፋሸታው (ማሰሪያ ቀለበቱ) በነከሰበት በኩል፣ ቀጫጭን ስንጥቆች ይታዩኛል። ለጋሼ ቅዳሜ እመጣለሁ ብዬ ደውያለሁ።