ከመሃል ሜዳ ያመጣሁት ባና

ባናውን፣ ማለትም ከመንዝ ያመጣሁትን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ለብሼ መተኛት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። አሁን አፌን ሞልቼ ልናገርለት እችላለሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ ይኮሰኩሳል። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው። አንሶላ ሳታደርጉ አንገታችሁ ድረስ ከሳባችሁት ሌሊቱን ስታኩ ታድራላችሁ። ጠረንም አለው። በረንዳ ላይ ሳሰጣው ጎረቤቴ «በግ አስገባሽ እንዴ?» አለችኝ።

የገዛሁት የአያቴን እርሻ ለማየት ሄጄ ነው። ሠዓሊ ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ የምሥለው ያንኑ ተረተር ነው፤ ከሄድኩ ግን ዘጠኝ ዓመት አልፎኝ ነበር። በደብረ ብርሃን አድርጋችሁ ጣርማበር ላይ የደሴን መንገድ ትታችሁ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ። ከዚያ መዘዞ፣ ሞላሌ፣ መሃል ሜዳ። የቀረው በእግር ነው።

ገብሱ ታጭዷል። ያንን ገለባ ሸራዬ ላይ ሁሌ ቢጫ ሳደርገው ኖሬያለሁ። ቆሜ ሳየው ቢጫ አይደለም፤ አመድማ ነው፣ ከሥሩ ቡኒ። አፈርኩ። የማሳው ግማሽ ባሕር ዛፍ ሆኗል። የቤቱ የጓሳ ሣር ክዳንም የለም። አጎቴ ፊቴን አይቶ «ስትሥዪ ባሕር ዛፉን እንዳትረሺው፣ ቆርቆሮውን የገዛልን እሱ ነው» አለኝ።

ባናውን ያየሁት እዚያው ሰፈር ሸማኔው ቤት ነው። ያ የገለባው ቀለም አለበት! ማቅለሚያ አልነካውም። ጥቁሩ ከጥቁር በግ፣ ቡኒው ከቡኒ በግ ነው። ፈትሉ የሴቶቹ ነው። አክስቴ ቡናው እስኪፈላ እንኳ እንዝርቷን አታስቀምጥም። 3500 ብር ተባልኩ፣ በ3000 ተስማማን። ሸማኔው «ልትለብሽው ነው ወይስ ልታዪው?» ሲለኝ ሁለቱንም አልኩት።

ሙቀቱን በተመለከተ ሐሜት የለኝም። ከ3000 ሜትር በላይ በሆነ አገር፣ በጥር ውርጭ፣ ላብ አስመጥቶኛል። ክብደቱም ደስ ይላል፤ ሰው እግራችሁ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። አዲስ አበባ ላይ ግን ለክረምት ካልሆነ ይበዛል። ሁለቱን ቅድ የሚያያይዘው ስፌት በሁለተኛው ሳምንት ተተረተረ፤ ራሴ በወፍራም ክር ሰፋሁት። ስትገዙ መሃሉን ጎተት አድርጋችሁ እዩት። ጥቁር ልብስ ላይም ይረግፋል። አንዴ በቀዝቃዛ ውኃ ባጥበው ለመድረቅ ሦስት ቀን ፈጀበት።

አንድ ነገር ልጨምር። አጎቴ ራሱ የሚለብሰው ነብር ያለበትን የቻይና ብርድ ልብስ ነው። «ይሄ ይለሰልሳል» ይላል። ባናው ለእንግዳ ነው።

የእኔው ቀን ቀን ከሸራዬ አጠገብ ይሰቀላል። ቀለም ስቀላቅል ጫፉን ይዤ አስተያያለሁ። ቢጫውን ቱቦ እስካሁን አልከፈትኩትም። ማታ ሲበርደኝ አወርደዋለሁ፣ ከአንሶላ ጋር።