የታወቀው ማዳመጫ ማሲንቆ አያውቅም

ገንዘባችሁን ልትከፍሉ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ የሰደዳችሁ ካላችሁ ለአፍታ መልሱትና ይህን አንብቡ። ባለፈው ወር መገናኛ አካባቢ ካለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ፣ ሁሉም የሚያወራለትን፣ በየታክሲውና በየካፌው በወጣቶች አንገት ላይ የማየውን ትልቁን ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ በ14,500 ብር ገዛሁ። ተጸጽቻለሁ። ዕቃው የተበላሸ አይደለም። ተመሳስሎ የተሠራም አይደለም፤ መለያ ቁጥሩን በአምራቹ ድረ ገጽ አረጋግጫለሁ። ችግሩ እኔ ለምሰማው ሙዚቃ አለመሆኑ ነው። ይህን አስቀድሞ ሊነግራችሁ የሚገባው ሻጩ ነው፤ እሱ ደግሞ አይነግራችሁም።

የምሰማውን ልንገራችሁ። በሑዳዴ በገና፤ በተረፈው ጊዜ ማሲንቆና ክራር፤ ዓርብ ማታ ደግሞ የጥላሁን ገሠሠ፣ የማሕሙድ አህመድ፣ የአስናቀች ወርቁ ድሮ የተቀዱ ሥራዎች፣ የጌታቸው መኩሪያም ሳክስፎን። የእናንተ ምርጫ ከዚህ የራቀ ከሆነ ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁ ይሆናል። የቀረበ ከሆነ ግን ወንበር ሳቡ።

ሱቁ ውስጥ የሆነው እንዲህ ነው። ሻጩ ትሑት ልጅ ነው፤ «ጋሼ፣ ሰምተው ይፍረዱ» ብሎ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጭንቅላቴ ላይ አስቀመጠልኝ። ከዚያ ከራሱ ስልክ አንድ ዘፈን ከፈተ። የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ከበሮው ብቻ ትዝ ይለኛል። ደረቴ ላይ የመታኝ ያህል ደነገጥኩ። ልጁ ፊቴን አይቶ ፈገግ አለ፤ አውራ ጣቱ የድምፅ መጨመሪያው ላይ ነበረች። «ልብዎ ውስጥ አልገባም?» አለኝ። ገብቷል። ገንዘቡ ከኪሴ የወጣውም ያኔ ነው። በኋላ ሳስበው ያ ዘፈን የተመረጠው ለእኔ ሳይሆን ለማዳመጫው ነው። ሙሽራ ስታይ ኩሏን ብቻ እንደማየት ነበር።

ቤት ገብቼ መብራት አጥፍቼ በገና ከፈትኩ። የበገና ጣዕሙ ንዝረቱ ላይ ነው። አውታሩ ከድልድዩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ መካከል ላይ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ደርዳሪው ቦታዋን በጥቂቱ እያስተካከለ አውታሩ ቆዳዋን እየነካ እንዲነዝር ያደርገዋል። ያ ዝዝታ ከሌለ በገና በገና አይሆንም። በማዳመጫዬ የሰማሁት ግን «ድም፣ ድም» የሚል ወፍራም ምት ብቻ ነበር። ዝዝታው ብርድ ልብስ ውስጥ እንደተጠቀለለ ንብ ሩቅ ሆነብኝ። የደርዳሪው ድምፅማ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ መሰለኝ።

ማሲንቆ ቀየርኩ። ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ ያለው መሣሪያ ነው፤ መምቻውም የፈረስ ጭራ ነው። ደህና አድርጎ ሲቀዳ ጭራ ከጭራ ሲፋተግ እስከ ሻካራነቱ ይሰማል። እዚህ ግን ሻካራነቱ ተልጎ ለስልሶ፣ ማሲንቆው ሞኝ ቫዮሊን ሆኖ ቀረ። ተናደድኩና መሳቢያ ከፍቼ ከአሮጌ ስልክ ጋር በነጻ የመጣችውን ባለ ገመድ ማዳመጫ አወጣሁ። አንዱ ጎኗ የላስቲክ ሽፋኑ ወድቋል። ሰካኋት። ማሲንቆው መጣ! ቀጭን ነበር፣ ከበሮው ደካማ ነበር፤ ማሲንቆው ግን ክፍሉ ውስጥ ነበር። 14,500 ብር በነጻ ዕቃ ሲሸነፍ ማየት ደስ አይልም።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ሌሊት ቆፍሬያለሁ። የሰው ጆሮ በግምት ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ይሰማል፤ ሄርዝ በሰከንድ የሚነዝረው ብዛት ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል፣ ሲበዛ ይቀጥናል። ብዙዎቹ ታዋቂ ማዳመጫዎች ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ፣ ሆን ብለው ከፍ ያደርጉታል፤ አንዳንዶቹ ከላይ ያለውን ቀጭን ድምፅም ያነሡና መካከሉን ዝቅ ያደርጉታል። ውጤቱ ሁለት ጫፉ ተነሥቶ ወገቡ እንደሰመጠ አልጋ ነው። ለዘመናዊ የዳንስ ሙዚቃ ይህ ያምራል፤ ሙዚቃው ራሱ ከበሮና ቤዝ ላይ የቆመ ነውና። የእኛዎቹ ዘፋኝ፣ ማሲንቆ፣ ክራርና ሳክስፎን አብዛኛው ወዛቸው ያለው ግን በሰመጠው ወገብ ላይ ነው። በዚያ ላይ ጎልቶ የሚመታ ወፍራም ድምፅ ከእሱ በላይ ያሉትን ድምፆች ይሸፍናል፤ ይህ የጆሯችን ተፈጥሮ ነው። ሠርግ ቤት ከበሮ መቺው አጠገብ ተቀምጦ ከጓደኛው ጋር ሊያወራ የሞከረ ሰው ያውቀዋል።

ለአማርኛ ዘፈን ጉዳቱ ከዜማም ያልፋል። ቃላችን በጥቃቅን ነገር ይለያያል፤ «ጠፋ» እና «ተፋ» መካከል ያለው ልዩነት ምላስ ላይ የምትፈነዳ አንዲት ቅጽበት ናት። ተነባቢዎችን የሚለየው ድምፅ በአብዛኛው ከ2,000 ሄርዝ በላይ ያለው ነው። ያ ሲሸፈን ዘፋኙ ያጉተመትማል፤ ሰሙን ካልሰማችሁ ወርቁን ከየት ታመጣላችሁ? እኔ አንድ የማውቀውን የትዝታ ስንኝ በአዲሱ ማዳመጫ ስሰማ ቃሉን የጨረስኩት ከጆሮዬ ሳይሆን ከትውስታዬ ነበር። አዲስ ዘፈን ቢሆን ኖሮ አይገባኝም ነበር ማለት ነው።

የድሮ ቅጂዎች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን አቋቁሞ ሸክላ ማሳተም ከጀመረ በኋላ የወጡትን ሥራዎች ዛሬ የምንሰማቸው ብዙ ጊዜ ከሸክላ ወይም ከካሴት ተገልብጠው ነው። ሽሽታው፣ ቅጭቅጭታው አብሮ ተገልብጧል። ከላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ የሚያነሣ ማዳመጫ ዘፋኙን ወደ ኋላ ገፍቶ ሽሽታውን ወደ ፊት ያመጣዋል። ዘፈን ልሰማ ተቀምጬ ዝናብ ስሰማ አመሸሁ።

እና ምን አደረግሁ? እንደማንኛውም ሰው ድምፁን ጨመርኩ፤ ዘፋኙ እንዲቀርብልኝ። አብሮ የሚጨምረው ግን ቤዙም ነው። በሦስተኛው ቀን ጆሮዬ ይጮህ ጀመር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ጣሪያ 80 ዴሲቤል የድምፅ ጥንካሬ በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ ከዚያ ባለፈ ቁጥር ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል። የማይስማማ ማዳመጫ ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚወስደው።

ሱቁ ተመለስኩ። ልጁ አልካደኝም፤ «የውጭ ድምፅ ማጥፊያው ይሆናል እንጂ ዕቃው ደህና ነው» አለኝ። ማጥፊያው የሚያጠፋው እንደ አውሮፕላንና ጄኔሬተር ያለ የማያቋርጥ የውጭ ጉርምርምታ ነው እንጂ የበገናን ዝዝታ ከቅጂው ውስጥ አያወጣም። እዚያው ከፍተን ዘግተን ሞከርነው፤ የድምፁ መልክ ትንሽ ተለወጠ፣ ማሲንቆው ግን አልመጣም። ከዚያ ደረሰኙን ገልብጦ የታችኛውን መስመር አሳየኝ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። የሸማቾች ጥበቃ ሕጋችን ጉድለት ለተገኘበት ዕቃ ምትክ ወይም ገንዘብ መጠየቅ ይፈቅዳል። የእኔ ግን ጉድለት የለበትም! የጥበቡ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ያልተስማማኝ ዕቃ በሕግ ፊት ፍጹም ጤነኛ ነው። አሜሪካ ያለችው እህቴ እዚያ ብዙ መደብሮች ሞክሮ መመለስ እንደሚፈቅዱ ስትነግረኝ ስልኩን ልዘጋባት ምንም አልቀረኝም።

ከማዳመጫው ጋር በሚመጣው የስልክ መተግበሪያ ቤዙን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ሞክሬዋለሁ፣ ግማሹን ያህል አሻሻለው። ቃሉ ጠራ፤ የማሲንቆው ሻካራነት ግን አልተመለሰም። ቀድሞ የገዛችሁ ካላችሁ ከመሸጣችሁ በፊት ይህንኑ ሞክሩ። ቤዙን ቀንሱ እንጂ ሌላውን ሁሉ አትጨምሩ፤ ሁሉን ስትጨምሩ ድምፁ ይቀደዳል።

ያልገዛችሁ ደግሞ የሻጩን ዘፈን እምቢ በሉ። በስልካችሁ ላይ ሦስት ዘፈን ጭናችሁ ሂዱ፤ ቃል በቃል የምታውቁትን አንድ፣ መሣሪያው ብቻውን የሚሰማበትን አንድ፣ ከድሮ ቅጂ አንድ። በኢንተርኔት አትክፈቱት፤ ሱቅ ውስጥ መስመሩ ሲደክም የድምፁ ጥራት ይወርድና የማዳመጫውን ጥፋት ከመስመሩ ጥፋት መለየት ያቅታችኋል። ድምፁንም ራሳችሁ ዝቅ አድርጉት። ጮክ ሲል ሁሉም ማዳመጫ ጥሩ ነው። እኔ በመጨረሻ ይህን አድርጌ እዚያው ሱቅ ከኋላ መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠገበ፣ ለስቱዲዮ ሥራ የተሠራ ባለ ገመድ ማዳመጫ አገኘሁ። በልጁ ዘፈን ስሰማው ጨው የሌለው ወጥ ነው። አስናቀችን ከፈትኩ፤ ክራሯ ከነጥፍሯ መጣች። ዋጋው ከመጀመሪያው ግማሽ አይሞላም። እንከኑም ብዙ ነው፤ ስልኬ የገመድ መሰኪያ ስለሌለው ማገናኛ ለብቻው ገዛሁ፣ ታክሲ ውስጥ ደግሞ የረዳቱ ጥሪ ሁሉ ይገባል።

ታዋቂው ማዳመጫ ዛሬ የልጄ ነው። የምትሰማው አማፒያኖ፣ የደቡብ አፍሪካ የዳንስ ሙዚቃ ነው፤ አንዴ ጆሮዬ ላይ አድርጋልኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ያምራል፣ ለዚያ የተሠራ ነው። «አባዬ፣ ምን ጎደለው?» ትለኛለች። ለእሷ ምንም። ማታ ማታ እሷ ስትተኛና ጎረቤታችን ጄኔሬተሩን ሲያስነሣ ብቻ ከጠረጴዛዋ ላይ አነሣዋለሁ፤ ምንም ዘፈን ሳልከፍት ጆሮዬ ላይ አድርጌ እተኛለሁ።