ሮቤ ላሉት ጋሼ ምስጋና፤ ሃርድቶፕ ይዞ ገጠር ለሚወጣ ሁሉ ጥቆማ

ባለፈው ሐምሌ ባሌ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ፣ ከሪራ ወደ ደሎ መና ከሚወርደው ዋና መንገድ ተገንጥላ ወደ ቡናው በምትገባ ቀጭን መንገድ ላይ፣ ዳገት መሃል ሞተሩ ጠፋብኝ። ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው። በቀኝ በኩል ገደል ነው፤ በግራ በኩል ሥሩን መንገዱ ላይ የዘረጋ ትልቅ ዛፍ አለ። ከኋላ 400 የቡና ችግኝ ጭነናል። ከጎኔ የሥራ ባልደረባዬ፣ ከኋላችን ደግሞ ችግኙን የሚረከቡ አንድ አባት ተቀምጠዋል። መኪናዋ ማንዋል ካምቢዮ ያላት ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ናት።

ይህ ነገር ከሦስት ወር በፊት ገጥሞኝ ቢሆን ምን አደርግ እንደነበር አውቀዋለሁ። ፍሪሲዮን እረግጣለሁ፤ መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ትጀምራለች፤ ደንግጬ ፍሬኑን አንቄ እይዛለሁ፤ ጎማው ቆሞ ጭቃው ላይ ይንሸራተታል፤ ከዚያ በኋላ መሪ አይታዘዝም። የዚያን ቀን ግን መኪናዋን ቀጥ አድርጌ፣ ቀስ ብላ፣ ወደ ኋላ እስከ ሜዳው ድረስ አወረድኳት። አንድ ችግኝ አልተደፋም። አባትየው ወርደው መሬቱን ዳሰሱና "እልል በይ ልጄ" አሉኝ። እኔ ያን ሰዓት በልቤ ያመሰገንኳቸው ሮቤ ከተማ የሚኖሩ አንድ ሹፌር ናቸው። ይህን ጽሁፍ የምጽፈውም ለእሳቸው ነው።

ስማቸውን አደባባይ ላይ እንዳላወጣው ስለለመኑኝ ጋሼ ብቻ እያልኩ እጽፋለሁ።

መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት አዲስ አበባ ነው። የተማርኩበት ማሰልጠኛ (ስሙን አልጠቅስም) ሜዳ ላይ ኮን መሃል ማለፍና ወደ ኋላ ማቆም አስተማረኝ፤ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን መያዝን ግን የተለማመድኩት አንድ ከሰዓት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት አውቶማቲክ ቪትዝ ነዳሁ። ባሌ ለቡና ሥራ ስመደብ የቢሮው ሹፌር ሥራ ለቆ ነበር። መንጃ ፈቃድ ያለሽ አንቺ ነሽ ተባልኩና ቁልፉ ተሰጠኝ። በሁለተኛው ሳምንት የፍሪሲዮኑን ዲስክ አቃጠልኩት። ሽታውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እሳት ላይ የተጣለ ቀንድ ነው የሚመስለው፤ ልብስ ላይ ሳይቀር ያድራል። ዲስኩን የቀየረልኝ መካኒክ የድሮውን በእጁ ይዞ አሳየኝና "እህቴ፣ መኪናዋ ምንም አልሆነችም። አሁንም እንደዚሁ ከነዳሻት ተመልሰሽ ትመጫለሽ። ጋሼን ፈልጊ" አለኝ። እሱንም እግዜር ይስጠው።

ጋሼ ከ30 ዓመት በላይ ያሽከረከሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የጭነት መኪና፣ ቀጥሎም የመስክ መኪና ይዘው ባሌን ከዳር እስከ ዳር ያውቋታል። አሁን መኪና ለሚያመጣ ሰው በራሱ መኪና ያሠለጥናሉ። እኔ ስድስት ቀን ነው የተማርኩት።

የመጀመሪያውን ቀን ግማሹን ሞተር አላስነሳንም። ኮፈኑን ከፍተን ዘይት፣ ውሃ፣ ቺንጋ አየን። ስኮርታውን አስወርደው ክሪኩን ራሴ እንድጠቀምበት አደረጉኝ። ከዚያ በእያንዳንዱ የፊት ጎማ እምብርት ላይ ያለችውን፣ በእጅ የምትዞረዋን ቁልፍ አሳዩኝ። እኔ ከማርሹ ጎን ያለችውን አጭር ዘንግ ኤች ፎር ላይ ካደረግኩ አራቱም ጎማ የሚሠራ መስሎኝ ነበር። በዚች መኪና ግን ያቺ ቁልፍ "ሎክ" ላይ ካልሆነች የፊት ጎማዎቹ ጉልበት አያገኙም፤ ዘንጉ ቢገባም መኪናዋን የሚገፋት የኋላው ብቻ ነው። እኔን ጨምሮ ስንት ሰው ይህን ሳያውቅ ጭቃ ውስጥ ሲያጓራ ውሏል! ደረቅ አስፋልት ላይ ደግሞ በኤች ፎር መንዳት እንደማይገባ ነገሩኝ። በዚህ ዓይነት መኪና የፊትና የኋላው አንድ ላይ ስለሚታሰሩ፣ መታጠፊያ ላይ ጎማው የሚንሸራተትበት ልስላሴ ካላገኘ ጭንቀቱን ጊርና ዘንግ ይሸከሙታል።

ከሰዓት በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ስንዴው የታጨደበት ሜዳ ላይ ሄድን። "ነዳጅ አትንኪ" አሉኝ። ያ ነው የመጀመሪያው ትምህርት። የዚች መኪና ሞተር ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው፤ ቱርቦ የለውም። ነዳጅ ሳይሰጡት በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ሲለቁለት በራሱ ጉልበት ይንቀሳቀሳል። በኤል ፎር (አራቱም ጎማ ሲሠራ፣ ፍጥነቱ ቀንሶ ጉልበቱ ሲበዛ) ከሆነማ ከእግረኛ አይቀድምም። ጋሼ በር ላይ እጃቸውን አሳርፈው ከጎኔ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። "ሱታ፣ ሱታ" ይላሉ፤ በኦሮምኛ ቀስ በይ ማለት ነው። ፍሪሲዮኑ የሚይዝበትን ቦታ በጆሮ ሳይሆን በእግር ጣት ፈልጊው ብለው ጫማዬን አስወልቀው ባዶ እግሬን አስለመዱኝ። ተረከዝ ወለሉ ላይ ያርፋል፣ ጣት ብቻ ይነሳል። አርባ ጊዜ ያህል ደጋገምኩት። ማታ እግሬ ሲንቀጠቀጥ አደረ፤ በማግስቱ ግን ያ ቦታ የት እንዳለ ሳላስብ አገኘሁት።

አንድ ሌላ ነገር። መሪ ስይዝ አውራ ጣቴን ወደ ውስጥ ጠምጥሜ ነበር። እጄን አንስተው አውራ ጣቴን ከላይ አጋደሙት። ምክንያቱን አልተናገሩም፤ የደረቀ የትራክተር ቦይ ውስጥ አስገቡኝ። የፊት ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው ከእጄ ተስፈንጥሮ ዞረ። አውራ ጣቴ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይሰበር ነበር። ዛሬም ኮረኮንች ላይ የሌላ ሰው እጅ ሳይ መጀመሪያ የማየው አውራ ጣቱን ነው።

ሦስተኛው ቀን ሳነቴ ወጣን። ከጎባ ተነስቶ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ወዳለው አምባ የሚያወጣውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ይደክማል፤ ሮቤ ላይ በሦስተኛ የምትወጣው ዳገት ሳነቴ ላይ ሁለተኛ ይጠይቃል። እኔ ነዳጅ በጨመርኩ ቁጥር ጥቁር ጭስ ከኋላ ይወጣል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። "አየር ሳይኖረው ነዳጅ ብታጠጪው ምን ያደርግልሻል? ማርሽ ቀንሺለት" አሉኝ። ቀነስኩ፤ ጭሱ ጠፋ፣ መኪናዋም ተነፈሰች።

አምባው ላይ አንድ ቀይ ቀበሮ መንገዱን ሊያቋርጥ ጆሮውን አቁሞ ጅብራ ሥር ቆሞ ነበር። ሞተር አስጠፉኝ። ጥሩምባ የለም፣ በር መክፈት የለም። ቀበሮው ተሻግሮ፣ አይጥ ፍለጋ አፈሩን ሲጭር እስኪርቅ ድረስ ጠበቅን። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚኖሩትም እዚሁ ባሌ ነው። እዚያ መንገድ ላይ በመኪና የተገጩ አሉና፣ ጋሼ ማንንም ሲያሠለጥኑ አምባው ላይ ማፍጠንን አይፈቅዱም። እኔ በበኩሌ ስለ መንዳት ከነገሩኝ ነገር ሁሉ ይህን በጣም ነው የማከብርላቸው።

ከአምባው ወደ ሪራ ያለው ቁልቁለት ጥምዝምዝ ነው። ሹፌር ሁሉ "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" ይላል፤ ጋሼ ግን ለምን እንደሆነ በእጄ አስዳሰሱኝ። መጀመሪያ ጥቂት ኩርባ በፍሬን ብቻ አስወረዱኝና አስቆሙኝ። መዳፌን ወደ ቸርኬው አስጠጉኝ፤ ሙቀቱ ሳልነካው ይጋረፋል። ጥሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቁጭ ብለን ሻይ ጠጣን። የቀረውን ቁልቁለት በኤል ፎር ሁለተኛ ማርሽ፣ ሁለቱንም እግሬን ወለሉ ላይ አሳርፌ ወረድኩ። ሞተሩ ራሱ ይዟት ይወርዳል፤ ፍሬን የነካሁት ኩርባ መግቢያ ላይ ብቻ ነው። ታች ስንደርስ ቸርኬውን እንደገና ዳሰስኩት፤ ለብ ብሏል እንጂ አያቃጥልም።

አራተኛውና አምስተኛው ቀን ጭቃና ውሃ ነበር። እዚህ ላይ ዝርዝሩን ለእሳቸው እተወዋለሁ፤ ሁለት ነገር ብቻ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ያልታወቀ ጭቃና ወንዝ መጀመሪያ በእግር ነው የሚታለፈው። ሱሪዬን ሰብስቤ በዱላ እየለካሁ ተሻገርኩ፤ ጎማው የሚያልፍበትን መስመር በእንጨት ምልክት አድርጌ ተመለስኩ። ሁለተኛ፣ ውሃ ውስጥ ከገቡ በኋላ ፍሪሲዮን አይነካም፣ ማርሽም አይቀየርም። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ዲስኩ ከሚይዘው ብረት ይላቀቅና ውሃ መሃላቸው ይገባል፤ ከዚያ አይይዝም። በአንድ ማርሽ ገብቶ በዚያው መውጣት ነው። የሮቤን ዋልካ ያየ ሰው ደግሞ ጭቃው ጎማ ላይ ተለጥፎ ጥርሱን እንደሚሞላው ያውቃል፤ እዚያ ላይ የጎማ አየር መቀነስ እንደሚረዳና፣ ፖምፓ ሳይዙ ግን አየር እንደማይነካ አስረግጠው ነግረውኛል።

በስድስተኛው ቀን ነው ሐረና ላይ ያዳነኝን ትምህርት ያገኘሁት። ደረቅ ኮረብታ መርጠው ሆን ብለው ዳገት መሃል ሞተር አስጠፉኝ። ስምንት ጊዜ። ቅደም ተከተሉን በቃሌ አስይዘውኛል። ሞተሩ ሲጠፋ ፍሪሲዮን አይነካም፤ ማርሹ ራሱ መኪናዋን ይዟታል። የእግር ፍሬን ይያዛል፣ የእጅ ፍሬን ይሳባል። ከዚያ ፍሬኑ እንደተያዘ ፍሪሲዮን ተረግጦ በኤል ፎር የኋላ ማርሽ ይገባል፤ ፍሪሲዮኑም ሙሉ ለሙሉ ይለቀቃል። የእጅ ፍሬን ይፈታል። የእግር ፍሬኑ ቀስ ተብሎ ሲለቀቅ መኪናዋ ትንሽ ትገፋና ማርሹ ላይ ታርፋለች። ያን ጊዜ ሁለቱም እግር ወለል ላይ ሆኖ ቁልፉ ይዞራል። ሞተሩ እዚያው ማርሽ ውስጥ እንዳለ ይነሳና በራሱ እርጋታ ወደ ኋላ ይወርዳል። መሪ ቀጥ፣ ዓይን ስፖኪዮ ላይ። ዳገት መሃል ማዞር ፈጽሞ አይሞከርም፤ በጎን ከቆመች ትገለበጣለች።

አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ፍሪሲዮን ካልተረገጠ አይነሱም። ስለዚህ የራሳችሁን መኪና አስቀድማችሁ ሜዳ ላይ ሞክሯት።

ሐረና ላይ ሞተሩ ሲጠፋብኝ ከጎኔ ያለችው ልጅ በሩን ልትከፍት ስትል "ቆይ" አልኳት። ድምፄ የጋሼ ድምፅ ነበር። እጄ ቅደም ተከተሉን ከእኔ ቀድሞ ያውቀዋል። ቁልፉን ሳዞር የነበረችው ያቺ አንዲት ትንፋሽ የምታህል ጊዜ ናት የምታስፈራው፤ ከዚያ መኪናዋ ስትይዝ ተሰማኝ።

ቢሮ ለምትመሩ ሰዎች አንድ ነገር ልበል። መንጃ ፈቃድ አለው ብላችሁ ብቻ ለመስክ ሠራተኛ ቁልፍ አትስጡ። ነርሷም፣ የግብርና ባለሙያውም፣ ተመራማሪውም ለሥራው እንጂ ለገደሉ አልተዘጋጀም። የስድስት ቀን ሥልጠና ወጪው ከአንድ የፍሪሲዮን ዲስክ አይበልጥም፤ ከሰው ሕይወት ጋር ጭራሽ አይወዳደርም።

ጋሼን ለምትፈልጉ፦ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት አይደለም፤ ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ነው የሚቀበሉት። መኪናውን እናንተ ታመጣላችሁ። መጀመሪያ ያዩታል፤ ፍሬኑ ወይም ጎማው ካላማራቸው ሳይጀምሩ ይመልሷችኋል። እኔንም የኋላ ግራ ጎማ እንድቀይር አዘውኝ ነበር። ከመሸ አይነዱም፣ አያስነዱም። በሁለት ቀን ጨርሱልኝ ለሚል ሰው እሺ አይሉም፤ ቸኩላችሁ ከሆነ አትደውሉላቸው። በአማርኛም በኦሮምኛም ያስተምራሉ። ዋጋቸውን እንደ ቦታውና እንደ ቀኑ ብዛት ከእሳቸው ጋር ትነጋገራላችሁ፤ እኔ ከከፈልኩት በላይ አግኝቻለሁ። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ። ምን መኪና እንደያዛችሁና የት ወረዳ እንደምትሠሩ አብራችሁ ጻፉልኝ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን እንደምታነብልዎት ነግራኛለች። ችግኙ በሙሉ ተተክሏል። የኋላ ግራ ጎማውም በማግስቱ ተቀይሯል።