በ1 ጊጋባይት ራም የዩኒፋይ ኮንትሮለር፦ ከራስፕቤሪ ፓይ 3 ጋር አንድ ዓመት ከመንፈቅ

ራስፕቤሪ ፓይ 3 ሞዴል ቢ የተባለው ትንሽ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር በእጃችሁ ካለ፣ የምታስተዳድሩት ኔትወርክም አነስተኛ ከሆነ፣ የዩኒፋይ ኮንትሮለርን፣ ማለትም የዩኒፋይ ኔትወርክ መሣሪያዎችን ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድረውን ሶፍትዌር፣ ይሸከምላችኋል። እኔ ጋ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ ይህን ስጽፍም እየሠራ ነው። ለዚሁ ሥራ ብላችሁ አዲስ ቦርድ ልትገዙ ከሆነ ግን ባለ 1 ጊጋባይቱን አትግዙ። ለምን እንደዚያ እንደምል ለማስረዳት ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ።

ኔትወርኩ ታላቅ እህቴ የምትመራው አነስተኛ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ያለው ነው፤ አምስት አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጩ መሣሪያዎች)፣ ሁለት ስዊች (የኔትወርክ ገመዶችን የሚያገናኙ)፣ ልጆቻቸውን ለመውሰድ መጥተው ለሚጠብቁ ወላጆች ደግሞ የተለየ የእንግዳ ዋይፋይ። ቦርዱ ከሌላ ሥራ ተርፎ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። መዳፍ ላይ የሚያርፍ፣ ማራገቢያ የሌለው፣ ድምፅ የማያሰማ፣ ሌት ተቀን ቢበራ የመብራት ቆጣሪ የማያስደነግጥ ዕቃ ነው። ልጆች የሚተኙበት ክፍል አጠገብ ለሚቀመጥ ሰርቨር ከዚህ የተሻለ ጠባይ አላውቅም።

በ2016 የወጣ ቦርድ ቢሆንም ባለ 1.2 ጊጋኸርዙ አራት ኮር ፕሮሰሰር ለዚህ ሥራ ይበቃል። የኔትወርክ ወደቡ 100 ሜጋቢት ብቻ ነው፤ መስመሩንም ከዩኤስቢዎቹ ጋር ይጋራል። ይህም አያሳስብም፤ የተጠቃሚው ትራፊክ በኮንትሮለሩ በኩል አያልፍምና። የሚያሳስበው ራሙ፣ ማለትም ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚይዙት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ነው።

ኮንትሮለሩ ከውጭ ሲያዩት አንድ ፕሮግራም ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው በጃቫ የተጻፈው አስተዳዳሪ ነው፤ ሁለተኛው ሞንጎዲቢ የተባለው ዳታቤዝ ነው። አስተዳዳሪው በፋብሪካ ቅንብሩ እስከ 1024 ሜጋባይት እንዲይዝ ይፈቀድለታል። ቦርዱ ያለው ጠቅላላ ራም ደግሞ ያው 1024 ነው፤ ከዚያም ላይ ግራፊክሱ ድርሻውን አስቀድሞ ይወስዳል። ሞንጎዲቢ በበኩሉ የሚይዘው የካሽ (ዳታ ቶሎ እንዲገኝ ራም ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ) መጠን ከጠቅላላው ራም ላይ 1 ጊጋባይት ተቀንሶ የቀረው ግማሽ፣ ወይም 256 ሜጋባይት፣ ከሁለቱ የበለጠው ነው። እዚህ ቦርድ ላይ ተቀንሶ የሚቀር ስለሌለ 256 ይሆናል። በዚህ ላይ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አለ፣ ጃቫ ከተፈቀደለት ጣሪያ ውጭ ለራሱ የሚጠቀምበትም አለ። እኔ ይህን ሂሳብ የሠራሁት ካስገባሁት በኋላ እንጂ ከማስገባቴ በፊት አልነበረም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሶፍትዌሩ የተዘጋጀው ሰፋ ላለ ማሽን ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሰላም ነበሩ። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት እህቴ ደወለች። «ወላጆች የእንግዳው ዋይፋይ መግቢያ ገጽ አልከፈትላቸው አለ፤ እኛ ጋ ግን ኢንተርኔቱ ይሠራል፤ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። ያቺ ጥያቄ ብዙ አስተማረችኝ። አክሰስ ፖይንቶቹ ቅንብራቸውን በራሳቸው ውስጥ ስለሚያስቀምጡ ኮንትሮለሩ ቢሞትም ዋይፋዩ ይቀጥላል፤ የሚቆመው የእንግዳ መግቢያው ገጽ፣ የስታቲስቲክሱ ምዝገባና ቅንብር መለወጥ ብቻ ነው። ይህን ማወቅ ልብ ያሳርፋል፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ቦርድ ላይ ልታምኑት የምትችሉትም ለዚሁ ነው። የእንግዳ መግቢያ ገጽ የማትጠቀሙ ከሆነ ኮንትሮለሩ ለአንድ ቀን ቢጠፋ ማንም ላያውቅ ይችላል።

ሎጉን (የሲስተሙን የክስተት መዝገብ) ስከፍት ከርነሉ፣ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ራም ሲያልቅበት ብዙ የያዘውን ፕሮግራም መርጦ ገድሎታል። የተገደለው ጃቫው ነበር። ሰዓቱ አውቶማቲክ ባክአፕ የሚሠራበት የሌሊት ሰዓት ነው። በሚቀጥሉት ቀናትም በዚያው ሰዓት አካባቢ ተደጋገመ።

ያኔ ያደረግኩት ነገር ስህተት ነበር፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ስለሆነ ልናገረው። ኤስዲ ካርዱ ላይ ያለውን ስዋፕ (ራም ሲጠብ በምትኩ የሚያገለግል ቦታ) ከ100 ሜጋባይት ወደ 2 ጊጋባይት አሳደግኩ። መሞቱ ቆመ። ግን የኮንትሮለሩን ገጽ ከፍቼ የአንድ አክሰስ ፖይንት ስም ለመለወጥ አንድ ደቂቃ ያህል መጠበቅ ጀመርኩ። ሞንጎዲቢው ይጽፋል፣ ሎጉ ይጽፋል፣ ስዋፑ ከሁሉም በላይ ይጽፋል፤ ሁሉም በአንዲት የጥፍር ያህል ካርድ ላይ። በአራተኛው ወር ካርዱ መጻፍ እምቢ አለ፤ ማንበብ ግን ይቻል ነበር። ባክአፖቼ በሙሉ እዚያው ካርድ ላይ ነበሩ። ማንበብም እምቢ ብሎ ቢሆን ኖሮ አምስቱንም አክሰስ ፖይንት በመሰላል እየወጣሁ አንድ በአንድ ወደ ፋብሪካ ቅንብር መመለስ ይጠብቀኝ ነበር። ያን ቀን ፋይሉን ወደ ላፕቶፔ ስቀዳ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር ብል ማጋነን አይደለም።

ሁለተኛውን ተከላ በትዕግሥት ሠራሁት። ገጽታ የሌለውን፣ ላይት የሚባለውን ባለ 64 ቢት የራስፕቤሪ ፓይ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫንኩ። 64 ቢት መሆኑ የግድ ነው፤ በ32 ቢት ሞንጎዲቢ ከ2 ጊጋባይት አካባቢ በላይ ዳታ መያዝ አይችልም፣ አዳዲሶቹ ቅጂዎቹም ለ32 ቢት አይወጡም። ስክሪን ስለማላገናኝ የግራፊክሱን ድርሻ ወደ ዝቅተኛው፣ ወደ 16 ሜጋባይት አወረድኩ። እዚያው ላይ ሲሠራ የነበረውን ማስታወቂያ የሚያግድ የዲኤንኤስ ሰርቨርም ወደ ሌላ ማሽን አዛወርኩ፤ ትንሽ ነው ብለን የምናስጠጋው ነገር ሁሉ በዚህ ቦርድ ላይ ትንሽ አይደለም።

ከሁሉም በላይ የጠቀመው የጃቫውን ጣሪያ ዝቅ ማድረጉ ነው። በኮንትሮለሩ የዳታ ማህደር ውስጥ ሲስተም ፕሮፐርቲስ የሚባል ፋይል አለ፤ እዚያ ውስጥ «ዩኒፋይ ዶት ኤክስኤምኤክስ» በሚለው መስመር 512 ጻፍኩ። መጀመሪያ በስስት 256 አድርጌው ነበር። ተነሳ፣ ግን ጃቫው ቦታ ለማስለቀቅ ላይ ታች ሲል አራቱም ኮሮች መቶ በመቶ ተይዘው ዋሉ፤ ገጹም አልከፈት አለ። ስለዚህ ለኔ ሰባት መሣሪያ ልኩ 512 ነው። ከ512 ላይ የሞንጎዲቢን 256 ስትደምሩ 768 ይሆናል፤ ለቀረው ሥርዓት የሚተርፈው ጥቂት ነው፣ ግን ይተርፋል።

ያቺን ጥቂት የሚያሰፋልን ዜድራም ነው። ዜድራም ስዋፕን ካርድ ላይ ሳይሆን ራሙ ውስጥ፣ ጨምቆ ያስቀምጣል። ለማይነካ ዳታ ይህ ግሩም መፍትሔ ነው፤ ከተጨመቀው የሚመለሰው ከካርድ ከሚመለሰው በብዙ እጥፍ ይፈጥናል፣ የሚያረጅ ካርድም የለም። የራሙን ግማሽ ያህል መጠን ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ ከርነሉ አንድም ፕሮግራም አልገደለም። ቦርዱ ከተነሳ በኋላ ገጹ እስኪከፈት ሦስት ደቂቃ ግድም ይፈጃል፤ ከተከፈተ በኋላ ግን መለስ ቀለስ ሲሉበት አያሰለችም። ፈጣን ነው አልልም።

ዲስኩን በተመለከተ ካርዱን ትቼ በዩኤስቢ ወደሚሰካ ትንሽ ኤስኤስዲ ዞርኩ። ፓይ 3 ሞዴል ቢ ከዩኤስቢ እንዲነሳ ለማድረግ አንድ ጊዜ ብቻ የምትቃጠል፣ ወደ ኋላ የማትመለስ ቢት ማብራት ያስፈልጋል፤ ጉዳት የላትም፣ ብቻ አውቃችሁ አድርጉት። በ2018 የወጣው ፓይ 3 ቢ ፕላስ ይህ ቀድሞ በርቶለት ነው የሚመጣው። ኤስኤስዲው ሲጨመር የኃይል ፍጆታው ስለሚያድግ በተራ የስልክ ቻርጀር አትሞክሩት። ቦርዱ ቮልቴጁ ከ4.63 ሲወርድ ራሱ ይመዘግባል፤ ያን ማስጠንቀቂያ ሎጉ ውስጥ ካያችሁ ሌላ ምንም ከመመርመራችሁ በፊት ኃይል አቅራቢውን ቀይሩ።

የስታቲስቲክስ ማቆያ ጊዜውንም አሳጠርኩ። ለአንድ መዋዕለ ሕፃናት ያለፈው ዓመት የየሰዓቱ ትራፊክ ምን ያደርግለታል?

አሁን ስለ አዲስ ቦርድ ወዳልኩት ልመለስ። እዚህ ላይ ራሙ ብቻ አይደለም ጉዳዩ። ሞንጎዲቢ ከ5.0 ጀምሮ እንደ ፓይ ባለ የአርም ፕሮሰሰር ማሽን ላይ ለመሥራት ኤአርኤምቪ 8.2 የሚባለውን የፕሮሰሰር ትውልድ ይጠይቃል። የፓይ 3 ኮርቴክስ ኤ53 ከዚያ በፊት የነበረው ትውልድ ነው። የሚገርመው የፓይ 4 ኮርቴክስ ኤ72ም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ራሙ የበዛ ፓይ 4 ብትገዙ ከራም ጭንቀት ትድናላችሁ፣ ከዳታቤዙ ጣጣ ግን አትድኑም፤ እንደኔው በ4.4 የቀድሞ ቅጂዎች ላይ ትቆያላችሁ። ኮርቴክስ ኤ76 ያለው ፓይ 5 ይህን ያልፈዋል። ኮንትሮለሩም እያደገ ነው፤ 7.5 ሲወጣ ጃቫ 17 መፈለግ ጀመረ። አፕዴት ከማድረጌ በፊት ሁልጊዜ የዳታቤዙንና የጃቫውን ቅጂ አያለሁ፣ የዲስኩንም ሙሉ ግልባጭ አስቀምጣለሁ፤ ራስ ሰር አፕዴቱንም ዘግቼዋለሁ።

ባክአፑ አሁን በየሌሊቱ ወደ ሌላ ማሽን ይሄዳል። በየወሩ አንዱን ፋይል ላፕቶፔ ላይ በተጫነ ኮንትሮለር ከፍቼ መነሳቱን አያለሁ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

እህቴ በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ክፍል ልትጨምር ነው፤ ሦስት አክሰስ ፖይንት ይጨመራል። ያኔ ወደ ፓይ 5 እዛወራለሁ። ይህችን ቦርድ ግን አልጥላትም፤ የዲኤንኤስ ሰርቨሩን እመልስላታለሁ፣ ለዚያ 1 ጊጋባይት ተርፏት ይቀራል።