ጀምቤ ከወራት በኋላ፦ ብቻውን ለሚመታ ሰው አልመክርም

ጀምቤዬን፣ በእጅ የሚመታውን የምዕራብ አፍሪካ ከበሮ፣ ወራት መትቼዋለሁ። ዕቃው ምርጥ ነው። ግን አብሮት የሚመታ ሌላ ሰው ለሌለው አልመክርም።

ስሙም ወደዚያው ያመራል። በማሊ ባምባራዎች ዘንድ እንደሚነገረው ስሙ የመጣው «አንኬ ጄ፣ አንኬ ቤ» ከሚል አባባል ነው፤ «ሁላችንም በሰላም እንሰብሰብ» እንደ ማለት። በማሊና በጊኒ አብረውት የሚመቱ ዱንዱን የሚባሉ ከበሮዎች አሉ። እነሱ በዱላ ነው የሚመቱት። ምቱን ይዘው ይቆማሉ፣ ጀምቤው በላያቸው ያወራል። ያለ እነሱ አድማጭ ያጣ ወሬኛ ነው። ጊኒ በ1958 እ.ኤ.አ. ነፃ ስትወጣ ብሔራዊ ቡድን የሆነው የፎዴባ ኬይታ የውዝዋዜ ቡድን ጀምቤን በየአገሩ ይዞት ዞሯል። መድረክ ላይ ዓይን የሚስበው ጀምቤ መቺው ስለሆነ ነው መሰለኝ ብዙዎቻችን ለብቻው የምንገዛው።

የኔው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው። አፉ 33 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 60 ገደማ። የፍየል ቆዳው በገመድ ተወጥሯል። ቆሞ ለመምታት ጠንካራ ማንገቻ ግድ ነው፤ ይከብዳል።

ድምፁ ሦስት ነው። መሀሉን በመዳፍ ሲመቱት ባስ ይሰጣል። ጠርዙን ጣት ገጥመው ሲመቱት ቶን፣ ጣት ፈታ አድርገው ሲመቱት ስላፕ። ባሱ የሚወጣው ከታች ባለው ቀዳዳ ስለሆነ ወለል ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ይታፈናል። ጉልበት መሀል ይዞ ወደ ፊት ዘንበል ማድረግ ነው። ስላፑ ግን ፈተና ነው። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የተባለው ለሱ ሳይሆን አይቀርም። በጉልበት አይመጣም፤ ጉልበት ሲጨምሩበት የሚያብጠው እጅ ነው። ቀለበትም አውልቁ፣ ለቆዳውም ለጣታችሁም።

የሚያሰለቸኝ ቆዳው ነው። አየሩ እርጥበት ሲይዝ ይላላል፣ ያ ጥርት ያለ ስላፕ ዱብ ዱብ ብቻ ይሆናል። ሲደርቅ ደግሞ ይወጠራል። የቆሙትን ገመዶች በአግድም ገመድ እያጠላለፉ መሳብ ያጠብቀዋል፤ ላብ በላብ የሚያደርግ ሥራ ነው፣ ለሁለት ሰው ይቀላል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ግን በፍጹም አትተዉት፣ ቆዳው ሊቀደድ ይችላል። ይህ ሁሉ ጣጣ ለማይመቸው ሰው ሠራሽ ቆዳ ያለው አለ፤ ለኔ ጆሮ ድምፁ ትንሽ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል።

ድምፁ ግድግዳ ያልፋል። ጎረቤት ያለው ቀድሞ ይነጋገር።

እኛ አሁን ሦስት ነን። ቀጥሎ ኬንኬኒ እንገዛለን፣ ከዱንዱኖቹ ትንሹን።